ኮምቦልቻ የቀረው ስሜ

ጅዳ፣ መስከረም 24 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለጎረቤቴና ለእህቴ ለእትዬ አልጣሽ፣

እኔ «አሰላሙ አለይኩም» ብዬ ልጀምር፣ አንቺ ደግሞ «እግዜር ይመስገን» ብለሽ ጨርሺው። ከባልሽ ከጋሽ እንየው ጋር እንዴት ከርማችኋል? ሻይ ቤቱስ እንዴት ነው? አክስታችን ጣይባ ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይ? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። የስፌት መኪናዬ እያረጀች ነው፣ እኔም እሷን ተከትያለሁ፤ ሌላ የሚከፋኝ ነገር የለም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ ሆዴ ሊፈነዳ ነው። ባለፈው ጁምዓ ከመስጊድ ስወጣ አንድ የደጋን ከተማ ሰው አገኘሁ። ስለ አገር ስንጫወት ቆይተን «እናንተ ኮምቦልቻዎች እኮ የምትተዳደሩት በሴት ነው!» ብሎ ሳቀብኝ። ማናት ስለው «መዲና የምትባል የቀበሌ ሊቀመንበር» አለኝ። ሰፈሯን ስጠይቀው የኛን ሰፈር ጠራልኝ።

ኧረ እትዬ! የኛ መዲና እንዳትሆን? ያቺ ከደጋኑ ባሏ ተጣልታ፣ አልጋዋን በአህያ አስጭና «ቀሪው ይቅርልህ» ብላ ወደ እናቷ ቤት የተመለሰችው? አብራኝ ያደገችው የአክስቴ ልጅ? እሷ ከሆነች በአላህ ይሁንብሽ አንድም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ። ማን መረጣት? ሽማግሌዎቹ ምን አሉ? ስብሰባ ላይ የምትቀመጠው የት ነው? ማህተሙንስ የምትይዘው እሷ ራሷ ናት? አክስቴስ ምን ይላሉ?

መልስሽን እስካገኝ እንቅልፍ የለኝም።

ወንድምሽ ኑርሁሴን ይመር


ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 18 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለናፈቅከኝ ለኑርሁሴን፣

እግዜርም አላህም ተባብረው ይጠብቁህ፤ እኛ ቤት ሁለቱም ይጠራሉ። እኔም እንየውም ደህና ነን። ይህን የምጽፍልህ በገዛ እጄ ነው። ድሮ በሰው እጅ ሳስጽፍ ሐሜቱን ሁሉ እያፈርኩ እተወው ነበር። አሁን መሠረተ ትምህርት ይመስገን፣ አንድም አይቀርብህ።

አዎ፣ የኛው መዲና ናት። እኔንም በዚህ ዕድሜዬ ከልጆች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ያስቀመጠችኝ እሷ ናት። «ካልተማርሽ ሻይ ቤትሽን አሽገዋለሁ» አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ስስቅ ቁልፍ ይዛ መጣች።

አመራረጧ እንዲህ ነው። የበፊቱ ሊቀመንበር ተነሳ፤ ወዴት እንደሄደ አትጠይቀኝ። ከእሱ በፊት የነበረውም እንደዚያው ነው። ከደሴ የመጣው ካድሬ በአዳራሹ ሰብስቦን «ጥቆማ!» ሲል ወንዱ ሁሉ ጫማ ጫማውን አየ። እንኳን ሊጠቆም፣ የሚያስልም ጠፋ። በኋላ አንዱ ቀልደኛ ከኋላ «መዲና ትሁና! ባሏን ያሸነፈች ቀበሌ ያቅታታል?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ካድሬው ግን አልሳቀም። «የሴቶች ተሳትፎ ማለት ይኸው ነው» ብሎ መዘገበ። ከዚያማ ወንዱ ከጉድ የዳነ መሰለውና እጁን ተሽቀዳድሞ አወጣ። እንየውም አውጥቷል፤ እቤት ስንገባ ምን እንዳልኩት እሱ ያውቃል።

እሷም ተነሳች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና «ሳቁ ሲያልቅላችሁ ስለ ቦኖው እንነጋገራለን» አለች። ይኸው ነው ንግግሯ። በሳምንቱ ቦኖው ጋ ሰልፍ አስያዘች፤ ዛሬ የጥበቃው አዛዥ ሚስት እንኳ እንስራዋን ይዛ ተራዋን ትጠብቃለች። መዲና የምትቀመጠው መሐል ወንበር ላይ ነው። ማህተሙን በመሐረብ ቋጥራ ጉያዋ ውስጥ ትይዘዋለች፤ ስትተኛም አትለየውም ይባላል።

አክስታችን የዚያን ዕለት በራቸውን ዘግተው ዱዓ ሲያደርጉ ዋሉ። ምነው ብላቸው «አላህ መርጧት ይሁን ሸይጧን ስቆባት፣ እስኪለይልኝ ነው» አሉኝ።

እህትህ አልጣሽ


ጅዳ፣ የካቲት 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለእትዬ አልጣሽ፣

ሰላምታዬ ይብዛልሽ። ደብዳቤሽን ለአገር ልጆች ሁሉ አነበብኩላቸው። አንዱ ሐርቡ፣ አንዱ ባቲ፣ አንዱ ኩታበር ነው፤ ሁሉም «የኛ አገር እንዲህ ያለች አለች ወይ?» ብለው ተከራከሩ። እንደሷ ያለች አንድም አልተገኘችም። ወላሂ ኮራሁ።

ግን ጥያቄዬ አላለቀም። ሰው ሲጣላ ዳኝነት ትቀመጣለች ወይ? የተፈረደበት ወንድ ፍርዷን ይቀበላል? ደሴ ለስብሰባ ስትሄድ የምታድረው የት ነው? ልኳን ላኪልኝ፣ ለሊቀመንበር የሚሆን ኮት እሰፋላታለሁ። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እጠይቅሻለሁ፤ እንዲያው መዲና ሰው ትፈራለች ወይስ ሰው ነው የሚፈራት?

ወንድምሽ ኑርሁሴን


ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 30 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኑርሁሴን፣

ይህን ያህል ዘመን ዝም ያልኩህ የሚጻፍ ጠፍቶ አይደለም፤ በዝቶብኝ ነው። እንደምን አለህ? እኛ በሕይወት አለን። የቀረውን ከሬዲዮ ትሰማ ይሆናል፤ ደብዳቤም እንደ ሰው ኬላ ላይ ይፈተሻል ይባላል።

የምጽፈው ሰው ሁሉ ያየውን ብቻ ነው። ከኩታበርም፣ ከዚያም ርቆ ካለው አገር ሰው በእግሩ እየወረደ ደሴ ገባ። ደሴ ሲሞላ ወደኛ ወረደ። ያን ሰሞን እኛ ለአብዮቱ አሥረኛ በዓል አጥር ኖራ እየቀባን ነበር። የቀባነውን አጥር ተደግፎ የሞተ ሰው እናገኛለን። ማን ይቅበረው? አንተ እንደምታውቀው የኛ ቅሬ እንደ ሌላው አገር ዕድር ነው፤ የሚቀብረው የራሱን አባል፣ የራሱን ቤተሰብ ነው። ከሩቅ ለመጣ እንግዳ ቅሬ የለውም።

መዲና የቅሬያችን ዳኛ ወደሆኑት ወደ ሼህ ሙሄዲን ሄደች። «ዶማውም ከፈኑም ያለው እናንተ ዘንድ ነው። ቅበሩልኝ» አለቻቸው። ሼሁ ክፉ ሰው አይደሉም። «ልጄ፣ ዛሬ አንዱን ብንቀብር ነገ ስንቱ ይመጣል? ከፈኑ ሲያልቅ የራሳችንን ሰው በምን እንሸኛለን?» አሏት። እሷ ግን እንደ ልጅ አልመለሰችላቸውም። በማህተም አዘዘች። እምቢ ሲሉ ደግሞ ያን ሽማግሌ ከነጥምጣማቸው ወስዳ ቀበሌው እስር ቤት ከተተቻቸው። እስኪመሽ እዚያ ዋሉ።

ትፈራለች ወይስ ይፈሯታል ብለኸኝ ነበር። ይኸው መልሱ። ኑርሁሴን፣ ያን ቀን አፈርኩባት። እውነቱን ልንገርህ፣ ፈራኋትም።

ሰው ግን ተቀበረ። ወንዱ ሁሉ ዶማውን ይዞ ወጣ። አንገቱ ላይ ማተብ ያለውን ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላውን ወደ እስላም መቃብር፣ ያልታወቀውን በግምት። እሷም እያንዳንዱ ጉድጓድ እስኪዘጋ ድረስ ከመቃብሩ አጥር ውጪ ፀሐይ ላይ ቆማ ታያለች።

የቅሬው የስብሰባ ቀን ሲደርስ ሼሁ «መዲና ከቅሬያችን ወጥታለች። ከዛሬ ወዲያ ቤቷ ሰው ቢሞት አንቀብርም» ብለው ፈረዱ። ይህን የነገረኝ እዚያ የነበረው እንየው ነው። ሁሉም ካጨበጨበ በኋላ አንዱ ሽማግሌ «ለመሆኑ መቼ ገብታ ነው የምትወጣው?» አለ። ለካ ሴት በቅሬ ስም የላትም! የዚያ ቤት ስም አንተ ነህ። የአክስታችን ባል ሲሞቱ የቤቱ ወንድ አንተ ስለነበርክ በስምህ ተገባ። ስም ሲጠራ «ኑርሁሴን ይመር!» ይባላል፤ እንየው «አለ!» ይልልሃል። ከሄድክ ጀምሮ እንዲሁ ነው። አንተ ጅዳ ተቀምጠህ እዚህ አንድም ቀን ቀርተህ አታውቅም።

ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ነገሩን ወዳንተ ጣሉት። «ኑርሁሴን ‹መዲና የቤቴ ሰው አይደለችም፣ በሥራዋም የለሁበትም› ብሎ ይላክልን፤ እሷ ትውጣ፣ ቤቱ ይቆያል። ካላለ ቤቱ እንዳለ ይወጣል» አሉ። ከአንዱ ቅሬ የወጣን ቤት ደግሞ ሌላው አይቀበለውም።

ይህን ሁሉ የምለፈልፈው ለምን መሰለህ? አክስታችን ተኝተዋል። ከክረምት ጀምሮ አልጋ ላይ ናቸው፤ እህል እምቢ ብሏቸዋል። ቢሞቱ ማን ያነሳቸዋል? የእናት ሬሳ እቤት ተቀምጦ ልይ? በሞቴ፣ የሚሉህን ጻፍላቸው። መዲና አንተ ስለካድካት ሊቀመንበርነቷ አይቀርም።

እህትህ አልጣሽ


ጅዳ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእትዬ አልጣሽ፣

ሰላም ይድረስሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ጀምሮ አንድም ስፌት ቀጥ አላለልኝም። የሰው ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ።

ወላጆቼን ባጣሁ ጊዜ ያሳደጉኝ እሳቸው መሆናቸውን አንቺ ታውቂያለሽ። ለመዲናና ለኔ አንድ እንጎቻ ሲከፍሉ ትልቁ የሚደርሰኝ እኔ ነበርኩ። «እሷ እናት አላት» ይሉ ነበር። ታዲያ እሳቸው ቀባሪ እንዳያጡ ምን የማልጽፈው ነገር አለ? ብዕሬንም አንስቼ ነበር። ግን ሁሉን ሳልጠይቅ መጻፍ አልቻልኩም።

ስለ ሁሉ ነገርሽኝ፤ አክስቴ ራሳቸው ምን እንዳሉ ግን አንዲት መስመር የለም። ያውቃሉ ወይስ ደብቃችኋቸዋል? መዲናስ ምን ትላለች? ከሼሁ ጋር ተገናኝታለች ወይ? ደግሞስ ይሄ እንዴት ያለ ነገር ነው? እኔ እዚያ አገር አንድ ጉድጓድ ሳልቆፍር፣ አንድ ቃሬዛ ሳልሸከም «አለ» እባላለሁ። እሷ የአገሩን ሬሳ ቆማ እያስቀበረች «የለችም» ትባላለች? ጋሽ እንየውስ ያን ሁሉ ዘመን «አለ» ሲሉልኝ አላሳቃቸውም?

ቶሎ መልሺልኝ። ያለዚያ አልጽፍም።

ኑርሁሴን


ኮምቦልቻ፣ የካቲት 2 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለኑርሁሴን፣

አብሽር ወንድሜ፤ አክስታችን አሉ። እኔ የፈራሁትን ጠይቀህ ስላወጣኸው ልንገርህ። ደብቀናቸው ነበር፣ አዎ። ግን እሳቸው ምን ይደበቃቸዋል? የቅሬው ሴቶች ሲጠይቋቸው ደጅ ቆመው ስለተመለሱ ገባቸው። ደብዳቤህን ይዤ ሄጄ አነበብኩላቸው። እንጎቻው ጋ ስደርስ ሳቁ። ከዚያ «ለኑሬ ጻፊለት። ልጄን ከቤቷ አውጥቶ የሚቀብረኝ ቅሬ አይቅበረኝ» አሉ። እኔ ማልቀስ ስጀምር ተቆጡኝ። «አንቺ ደግሞ! የምሞተው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

መዲና የምትለው ሌላ ነው። «ይካደኝ። የእናቴ ቀብር ከኔ ስም ይበልጣል» ነው የምትለው። እናትና ልጅ በዚህ ተኳርፈው ከርመዋል፤ እናት ለልጇ ስትል እምቢ፣ ልጅ ለእናቷ ስትል እምቢ። እኔ መሐል ላይ ሾርባ ይዤ እመላለሳለሁ።

ከሼሁ ጋር ተገናኝታለች፤ አብሬያት ሄጃለሁ። ማህተሙን እቤት ትታ ነው የሄደች። ደጃቸው ላይ ጫማዋን አውልቃ ቁጭ አለች። «ሼህ፣ ስላሰርኩዎት ይቅር ይበሉኝ፤ አጥፍቻለሁ። ስላስቀበርኳቸው ግን ይቅርታ የለኝም» አለቻቸው። ሼሁም «ስላሰርሽኝ አላህ ይቅር ይበልሽ፤ እኔም ብያለሁ። የቅሬው ፍርድ ግን የኔ ብቻ አይደለም። ጅዳ ያለው ሰው ይናገር» አሉ።

ጅዳ ያለው ሰው አንተ ነህ። ከእንግዲህ እኔ ይህን ጻፍ አልልህም። ብቻ ጻፍ። ጊዜ የለም።

እንየው ስላልከው ጠይቄዋለሁ። «መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር፤ በኋላ ለመድኩት» ነው ያለኝ።

አልጣሽ


ጅዳ፣ መጋቢት 5 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእትዬ አልጣሽ፣

ከሰላምታ በፊት ይህን አስቀድሚልኝ፤ በቅሬው ስብሰባ ፊት ቆመሽ አንቺ ራስሽ አንብቢው፤ ለወንድ አትስጪው።

«የተከበራችሁ ሼህ ሙሄዲን፣ የቅሬያችን አባቶች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም። ስሜን ይህን ያህል ዘመን ስለጠራችሁ አላህ ያክብርልኝ። ግን እኔ የለሁም። ያለችው መዲና ናት። ስሜን አውጡና ቤቱን መዲና ይማም ብላችሁ ጥሩት። አይሆንም ካላችሁ እኔም ከእሷ ጋር ወጥቻለሁ። መዲናን አላውቃትም ብዬ ግን አልጽፍም፤ አውቃታለሁ። ሼህን ባሰረች ጊዜ አጥፍታለች። እንግዳውን ባስቀበረች ጊዜ ግን የኛን ሥራ ነው የሠራችልን። ኑርሁሴን ይመር።»

እትዬ፣ ይህን ጽፌ ሦስቴ መልሼ አነበብኩት። አክስቴን ቀባሪ አሳጥቼ ቢሆንስ? የራሴን ክብር እንጂ የሳቸውን ሬሳ አላሰብኩ እንደሆነስ? እንደደረሰሽ የሆነውን ሁሉ ጻፊልኝ፤ ክፉም ቢሆን።

ኑርሁሴን


ኮምቦልቻ፣ ግንቦት 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኑርሁሴን፣

አላህ ያጽናህ። ቁጭ ብለህ አንብበው።

አክስታችን ጣይባ ደብዳቤህ ከመድረሱ በፊት፣ በመጋቢት መጨረሻ አረፉ። ጠዋት ነው። መዲናን በስሟ ጠርተው፣ ውኃ ጠጥተው፣ በዚያው ሸኘናቸው። አልተሰቃዩም። አልቅስ፤ እኔም እያለቀስኩ ነው የምጽፈው።

ሴቶቹ ገብተው አጠቧቸው። ሴት ሴትን ለማጠብ የቅሬ ፈቃድ አትጠይቅም። ከፈናቸውን መዲና ከቤት ካለው ነጭ ጨርቅ ቀደደች። ከዚያ በኋላ ግን የቅሬው ለፋፊ አልወጣም። ወንዱ በየደጁ ቆሞ ወደኛ ቤት ያያል፤ የሚመጣ የለም። ሁሉም የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ መዲና ወይ ታለቅሳለች፣ ወይ ጥበቃውን ጠርታ በጠመንጃ ታስቆፍራለች።

ሁለቱንም አላደረገችም። ማህተሙን ከጉያዋ አውጥታ ለኔ ሰጠችኝ፣ ነጠላዋን አሰረች፣ ከጎረቤት ዶማ ተውሳ ወደ መቃብሩ ሄደች። መቃብር ቦታ ሴት አይደርስም፤ አንተ ታውቀዋለህ። ከአባቷ አጠገብ መቆፈር ጀመረች። እኔም ክርስቲያኗ ማህተሙን ይዤ አጥሩ ጋ ቆምኩ። መሬቱ ደረቅ ነው፤ ዶማው ይነጥራል። ኑርሁሴን፣ ያንን ድምፅ እስክሞት አልረሳውም።

መጀመሪያ የመጣው እንየው ነው። አካፋ ይዞ ገባ። ያን ጊዜ ምን ያህል እንደወደድኩት ለሱ አልነገርኩትም፤ ላንተ ነገርኩህ። ከእሱ ኋላ አንድ ሁለት እያለ ሰው ተጨመረ። በመጨረሻ ሼህ ሙሄዲን በምርኩዛቸው መጡ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው «በቃሽ ልጄ፣ ውጪ። ሴት ቆፍራ ከቀበረች እኛ ምኑን ቅሬ ሆንን?» አሏት። «እናንተ አልመጣችሁማ» አለች። «ይኸው መጣን» አሉ። ዶማውን ከእጇ ወሰዱት። እጇ ደምቶ ነበር።

ሬሳው መጣ፣ ተሰገደበት። እንደ ወጉ፣ ማን እንደመጣ ማን እንደቀረ ለማወቅ ሼሁ ስም መጥራት ያዙ። ሁሉም «አለ» ይላል። «ኑርሁሴን ይመር!» ሲሉ እንየው ዝም አለ። ሼሁ ደግመው ጠሩ። ሰው ሁሉ እንየውን አየው። «የለም» አለ እንየው።

ሼሁ ዓይናቸውን ሳያነሱ «መዲና ይማም!» አሉ።

እሷ ከአጥሩ አጠገብ ነበረች። ድምፅዋ ቦኖ ላይ የምናውቀው ድምፅ አልነበረም፤ ቀጭን ነበር። «አለሁ» አለች። ያን ጊዜ ገና አለቀሰች።

ቅሬው ሲሰበሰብ ወንዶቹ መሐል ገብቼ ደብዳቤህን አነበብኩላቸው፤ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። «ስሜን አውጡ» የሚለው ጋ ስደርስ ሼሁ ሳቁ። «እሱን አሁን ምን ብለን እናወጣዋለን? በአክስቱ ቀብር ተጠርቶ ስላልተገኘ በዚያው ዕለት ወጥቷል» አሉ። ወንዱ ሁሉ ሳቀ። እንየው ደግሞ እንባው እስኪመጣ።

መዲናን ደሴ ጠርተዋታል፤ ለአውራጃው ሥራ ይፈልጓታል መሰለኝ። ለምን ሴት ሆነሽ ጉድጓድ ቆፈርሽ፣ ለምን በማህተም አላስቆፈርሽም ብለው ገሥጸዋታል ይባላል። እሷ «ሰሞኑን የቅሬ ሰው ስለሆንኩ ሥራ በዝቶብኛል፤ ከረመዳን በኋላ እመጣለሁ» ብላ መልሳለች።

አንተም ናልን። አንድ ነገር ግን ሼሁን ሳልጠይቅልህ አልቀረሁም፤ መጠየቁን ካንተ ነው የተማርኩት። «ኑርሁሴን ተመልሶ ቢመጣስ፣ ቅሬ አለው ወይ?» አልኳቸው። «ቤቱ እንደሆነ አለ። ሰው ማን ነህ ሲለው የመዲና ቤት ነኝ ይበል፤ እንቀብረዋለን» አሉኝ።

እህትህ አልጣሽ